በሰፈሬ እንግዳ ያደረገችኝ ሴት

ስለ እትዬ ዘሃራ ከመናገሬ በፊት ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይታወቅ። አንዳርጌ እባላለሁ። በሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ፣ የሚያጓራ ወፍጮ፣ የሚዞር ማራገቢያ ካያችሁ፣ አንድ ጊዜ በእጄ አልፏል ማለት ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከጭነት መኪና በር ላይ ነው፤ የባለንብረቱን ስምና የጭነቱን ልክ ማንበብ ስጀምር ገና ጢም አላበቀልኩም ነበር። ኤሌክትሪክን ያስተማረኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከመታኝ አቆማለሁ፣ ካልመታኝ እቀጥላለሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከጄኔሬተር መመሪያ ስለሆነ፣ ስለ ጤና መጠያየቅ ቢያቅተኝም ስለ ዘይት መቀየር ከማንም ፈረንጅ ጋር እግባባለሁ። ሰው «ኢንጂነር» ይለኛል። በሉኝ አላልኩም፤ ካሉኝ ግን ምን አደርጋለሁ።

ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። በቀላሉ የማልደነቅ ሰው መሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው። በዕድሜዬ የደነቁኝ ሰዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛዋ እትዬ ዘሃራ ናት።

ባለፈው የማንጎ ወራት አጣዬ ነበርኩ። ከተማው ከተቃጠለ በኋላ እንደገና የተተከለ ወፍጮ አልነሳ ብሎ ጠርተውኝ፣ ሞተሩን ፈትቼ ዘርግቼ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ ዘሃራ ታናሽ ወንድም ሰይድ ነው።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ እህቴ ሄደች» አለኝ።

የት ሄደች አላልኩትም። ድምፁ በቂ ነበር። ሥራ ጀምሬ ሳልጨርስ የተነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በኋላ ተመልሼ ወፍጮውን አስነስቼዋለሁ፣ አሁንም ይፈጫል።

አሮጌው ገበያ የምንለው ሰፈር ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ገበያው ወደ ሌላ ቦታ ከሄደ ቆይቷል፤ የቀሩት ስሙና የድንጋይ ቤቶቹ ናቸው። ድሮ ጨው፣ ጥጥና በርበሬ የሚነግዱ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው፤ የግድግዳቸው ውፍረት ሰው መስኮቱ ላይ በጎኑ ያስተኛል። ከሁሉም የሚበልጠው የእትዬ ዘሃራ አያት ቤት ነው። የእንጨት በረንዳ አለው፣ የተቀረጸ በር አለው፣ ግቢው መሃል ማን እንደተከለው የማይታወቅ የማንጎ ዛፍ አለው። አያቷ አርጎባ ነበሩ፤ ቋንቋቸው ለልጅ ልጆቻቸው የደረሰው ለምርቃትና ለቁጣ ያህል ብቻ ነው። እትዬ ዘሃራ ስትቆጣ ምን እንደምትል አናውቅም፣ ግን ሁላችንም እንታዘዝ ነበር።

በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሮቢ ወንዝ አብረን እየዋኘን ስላደግን ግን «እትዬ» እያልኩ «አንቺ» እላታለሁ። የጨርቅ ነጋዴ ነበረች። አንድ ጊዜ ለንግድ ሐረር ሄዳ፣ ከግንቡ ውስጥ እንግዳ የሚያሳድር አሮጌ ቤት ውስጥ አድራ መጣች። እንደገባች በቀጥታ ወደ እኔ ሱቅ ነው የመጣችው።

«አንተ አንዳርጌ፣ ቤት አየሁ» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ቤት?»

«እንደኛው ያረጀ። ግን ማርጀቱን አላፈረበትም።»

በዚያው የአያቷን ቤት ሆቴል ላድርግ ብላ ተነሳች። በኛ ከተማ ሆቴል ማለት የጭነት መኪና የሚያቆሙበት፣ ቴሌቪዥን ጮክ ብሎ የሚከፈትበት፣ የፕላስቲክ ወንበር የሞላበት ነው። ሰው ሁሉ ሳቀባት። እኔ አልሳቅኩም፤ ሽቦውንና የውሃ ቧንቧውን የምዘረጋው እኔ ነበርኩና። ምክርም ሰጥቻታለሁ።

«ወለሉን ሴራሚክ እናንጥፈው» አልኳት።

«የአያቴ እግር ያለሰለሰው ድንጋይ እያለ?»

«እሺ ጣሪያው ኮርኒስ ይሁን። ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ መብራት እዘረጋለሁ።»

«እንግዳው ሊተኛ ነው የሚመጣው ወይስ ሊዳር?»

በእኔና በእሷ መካከል እንዲህ ነበር። ግድግዳውን በኖራ ነጭ አስቀባች፣ አልጋዎቹን ከዋንዛ አሠራች፣ አንሶላና መጋረጃውን ሰፈራችን ካለው ሸማኔ በነጭ ጥጥ አሸመነች። ሲያልቅ ያዩት የአዲስ አበባ ልጆች «ይህማ ቡቲክ ሆቴል ነው» አሏት። ቃሉን ወደደችውና ሰሌዳው ላይ አስጻፈችው። የተሰቀለ ሰሞን ሁለት ሴቶች ቀሚስ አለ ወይ ብለው ገብተው ምሳ በልተው ወጡ።

እንግዳ አያያዟን ሌላ ቦታ አላየሁም፤ እኔ ደግሞ ብዙ ቦታ አይቻለሁ፣ ደሴንም ጭምር። ትራሱን ሁሉ በጣቷ አንጓ ቋ ቋ አድርጋ እንደ ሸክላ ድስት ትፈትነዋለች። ትራስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ እስካሁን አልገባኝም፤ እሷ ግን ጆሮዋን አስጠግታ ሰምታ፣ አንዳንዱን «ይህ አይሆንም» ብላ ትመልሰዋለች። ስለ ሙቀቱ ያማረረ ሰው ካለ «ሙቀት እኮ ዘመድ ነው» ትለዋለች፤ «ዘመድ አይባረርም፣ ጥላ ይሰጠዋል።» ቁርስ ሳይበላ ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ የፈለገ ሰው ካለም መኪናው ፊት ትቆማለች። አንድ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን የሚመስል ሰው «እቸኩላለሁ» ቢላት፣ «ጣርማ በር በባዶ ሆድ አይወጣም፣ ዳገቱ ይታዘብሃል» አለችው። ሰውዬው ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ገንፎ በላ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን አንድ ደንቧ ነው። እንግዳ ሳይበላ ስሙ አይጠየቅም። የአያቷ ደንብ ነበር። ከበረሃ ወጥቶ የመጣን ሰው ማን ነህ፣ ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነህ ብሎ በረሃቡ ላይ መጠየቅ በቤታቸው ነውር ነው።

«ጠላት ቢሆንስ?» አልኳት።

«ጠግቦ ይናገራ። የጠገበ ሰው ሲናገር ረጋ ይላል።»

እንግዲህ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ሰው ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና መሄድ ሲፈራ፣ የዚያ ቤት ክፍሎች ባዶ ሆኑ። እትዬ ዘሃራ ግን በየቀኑ አንሶላ ታስቀይር ነበር።

«ማንም ሳይተኛበት ምን ይቀየራል?» ብላት፣

«አልጋው ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው» አለችኝ።

ችግሩ ቤቱ የእሷ ብቻ አለመሆኑ ነው። የአባታቸው ውርስ ስለሆነ የሰይድም ነው። ሰይድ አዳማ የሚኖር ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ መስታወት የሚወድ ሰው ነው። ቤቱን አፍርሶ ባለ መስታወት ፎቅ የሚያቆም ገዢ አገኘና መጣ። ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ እኔም አጠገባቸው ፓምፕ እየፈታሁ ነበር፤ ፓምፑ ጤነኛ ነበር፣ ግን ወሬው እንዳያመልጠኝ ፈታሁት።

«እህቴ፣ ሆቴል ከሆነ ሆቴል ይሁን» አላት። «ባዶ ቤት ከሆነ ግን ለማን እናስቀምጠዋለን?»

እሷም ነገረችው። ወደ ሰሜን አገር ጎብኚ የሚወስድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት፣ ሰዎቹን መንገድ ላይ የሚያሳድርበት ቤት ይፈልጋል። አይታ የምትመርጥ ቤዛ የምትባል ሠራተኛ ሊልክ ነው።

ሰይድ አሰበና «ደግ» አለ። «ልጅቷ ከወደደችው አልሸጥም። ካልወደደችው ትፈርሚልኛለሽ።»

«እፈርማለሁ» አለችው። ድምፅዋ ሲወርድ የሰማሁት ያኔ ነው። ፓምፑን መልሼ ገጠምኩ።

ቤቱን በእንግዳ እንሙላው የሚለው ሐሳብ የኔ ነው። ሌላ ሰው የኔ ነው ካለ ውሸቱን ነው። «ባዶ ሆቴል ማሳየት ሙሽራ የሌለበት ሰርግ መጥራት ነው» አልኳት። «የሰፈሩን ሰው እንግዳ አስመስለን እናስገባ።»

«አልዋሽም» አለች። ከዚያ ምላሷን ጧ አደረገች። ምላሷን ጧ ካደረገች ሐሳቧ እየተገለበጠ ነው። «ቆይ። እኔ ጠርቼ ካሳደርኳችሁ እንግዳዬ ናችሁ። ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ግን ማንም ቢጠይቃችሁ አትዋሹ።»

ሰዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዋናዎቹ በርበሬ ነጋዴዋ አስካለና የእድራችን ዳኛ ሐጂ ኑሩ ናቸው። የሌሎቹን ስም ብዘረዝር የረሳሁት ይቀየመኛል። ሰብስቤ መመሪያ ሰጠሁ።

«ከበሩ ከገባን በኋላ አንተዋወቅም። ሰላምታ የለም።»

«አይቼህ ዝም ብዬ ልለፍህ?» አለችኝ አስካለ። «ተጣልተናል እንዴ?»

«ለአንድ ቀን ነው።»

«ለአንድ ቀንም ቢሆን በምን እንደተጣላን ልወቅ እንጂ።»

ቤት ሄጄ ሻንጣ ሳወጣ ባለቤቴ አየችኝ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሆቴል ላድር።»

«የት አገር?»

«እዚሁ፣ ከጀርባችን።»

ሻንጣውን አየችና «ምን አደረግኩህ?» አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ በገዛ ሰፈሬ እንግዳ ሆንኩ። ክፍሌ በማንጎው በኩል ያለው ነው። ውጪው እየነደደ ውስጡ ምንጭ ዳር ይመስላል፤ ወፍራሙ ድንጋይ የማታውን ቅዝቃዜ ለቀን ያስቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ ውሃ የሞላ እንስራ ተቀምጧል፣ ነፋሱ እሱን ነክቶ ይገባል። አንሶላው የፀሐይ ሽታ አለው። በቀትር አልጋ ላይ ተጋድሜ ስለማላውቅ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ጠፋኝ። ከዚያ መስማት ጀመርኩ። የባጃጅ ድምፅ፣ የአዛን ድምፅ፣ ባለቤቴ ለጎረቤት «ሆቴል ገብቷል አሉ» ስትል። ዕድሜ ልኬን የኖርኩበትን ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ብዬ ሰማሁት፤ ደስ የሚል ሰፈር ነው። ፓምፑ ሲነሳም ሰማሁ። እንዲህ ለስላሳ የሚሠራ ፓምፕ የገጠመው ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ቤዛ ከሰዓት በኋላ ደረሰች፣ ሰይድም ተከትሏት ገባ። ቀጭን፣ ነገር በዓይኗ የምትመዝን ልጅ ናት። ስሟን ልትናገር አፏን ስትከፍት እትዬ ዘሃራ ውሃና ፓፓያ አቀረበችላት። «እኔ እኮ ከድርጅቱ...» ስትል «ብዪ» አለቻት። በላች።

አመሻሽ ላይ እንግዶቹ ሁሉ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ በጠላትነት የሚተያዩ ይመስል አንገታቸውን አዙረው። እኔ ለክብሩ ኮትና ክራቫት አድርጌ ዘግየት ብዬ ወጣሁ። ገና ከመታየቴ በረንዳው በሙሉ ብድግ አለ።

«ኖር፣ ኖር።»

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አልኩ። ምን ላድርግ፣ ከአፌ ወጣ። ሰው ሲነሳልኝ ዝም ማለት አልተማርኩም። ሁላችንንም የሚያውቀን ሰይድ ግንባሩን ያዘ፤ ግን አላጋለጠንም።

«ይተዋወቃሉ?» አለችኝ ቤዛ።

«ያገሩ ሰው ጨዋ ነው» አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም።

አስካለ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አንተ፣ ኮትህን አውልቅ፣ አምናም በዚህ ሙቀት እንዲሁ ለብሰህ ወድቀህ ነበር» አለችኝ። የአስካለ ሹክሹክታ ገበያ ያሳደገው ስለሆነ በረንዳው ሁሉ ሰማ።

ቤዛ ወደ ሐጂ ኑሩ ዞረች። «አባቴ፣ እርስዎስ ከየት መጡ?»

ሐጂ ኑሩ አልዋሽም ብለው ቃል ገብተዋል። «ከቤቴ» አሉ።

«ቤትዎ የት ነው?»

«ከመስጊዱ ጀርባ።»

«የትኛው መስጊድ?»

ሐጂ በከዘራቸው ሚናሬውን አሳዩዋት። ከተቀመጥንበት ይታያል። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችና ወደ እኔ ተመለሰች።

«እርስዎስ?»

«የማጀቴ ሰው ነኝ።» ማጀቴ ከተማ ነው የተወለድኩት።

«እዚህ መቼ መጡ?»

«ከመጣሁ ቆየት ብያለሁ» አልኳት። እውነት ነው፤ የመጣሁት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው።

ጠዋት ቁርስ ቀረበ። ረቡዕ ስለነበር ሥጋ የክርስቲያን የሙስሊም ተብሎ አልተለየም፤ ሁላችንም ተልባ የፈሰሰበት የማሽላ ቂጣና ምስር ከበብን። ነገሩ መልክ እየያዘ ነበር። እንዲያውም አስካለ አንዱን ጎረቤቷን «እርስዎ ከየት አገር ነዎት?» ብላ ስትጠይቀው ሰምቼ ኮርቻለሁ። በዚያ መሃል ከውጪ ጥሩምባ ተነፋ።

«የአሮጌው ገበያ እድርተኞች፣ ልብስ ሰፊው አቶ ገብሬ አርፈዋል። ቀብር ዛሬ በስድስት ሰዓት።»

ሁሉም እጅ ቂጣው ላይ ቀረ። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ እንዳትነሱ የሚል ምልክት ሰጠሁ። ሐጂ ኑሩ ተነሱ።

«የእድር ዳኛ ጥሩምባ ሰምቶ ቂጣ የሚገምጥበት አገር የለም» አሉኝ፣ ስሜን ጠርተው።

ከዚያ በኋላ ማን ይመለስ። አስካለ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሌላው ከንፈሩን እየመጠጠ ጫማውን ፈለገ። ይባስ ብሎ የእድሩ ድንኳን የሚቀመጠው የዚያው ሆቴል ጓሮ ነበር፤ ይህን እኔም ረስቼው ነበር። ጎረምሶች በሩን ከፍተው ገቡና ቋሚውን ተሸክመው በረንዳው ላይ ሲያልፉ፣ «ኢንጂነር እንዴት አደርክ፣ አስካለ እንዴት አደርሽ» እያሉ አንዱንም ሳይዘሉ ሰላም አሉን።

«እንግዶቹ በሙሉ ቀብር ሊሄዱ ነው?» አለች ቤዛ።

«ሟቹ ሰው ያውቁ ነበር» አልኳት።

ሰይድን አየሁት። ሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀርቷል። የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፉለት አቶ ገብሬ ናቸው። ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ከጎረምሶቹ ጋር የድንኳኑን ቋሚ ትከሻው ላይ አደረገ።

በመጨረሻ እትዬ ዘሃራ ወጣች። የቤቱን ቁልፎች ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ቤዛ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ቀብር ነው። ቤቱን ጠብቂልኝ። ውሃ በእንስራው አለ፣ ምስሩ ምድጃ ላይ ነው።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን ቀረ?»

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«ትቀበያለሽ። ሳይበላ ስሙን አትጠይቂው።»

ነጠላዋን ይዤ ወደ ጎን ሳብኳት። «እትዬ፣ ይቺ እኮ የምትፈርድብን ናት። ቤቱን ልታጪው ነው።»

«ታዲያ ገብሬ ብቻውን ይቀበር?» አለችኝ። ነጠላዋን ለቅቄ ተከተልኳት፤ በክርክር መሸነፍ በዓመት አንድ ጊዜ ያጋጥመኛል።

ከቀብር በኋላ ሰው ድንኳን ሲገባ ሰይድን ያላናገረው የለም። አንዱ «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፣ ቀጥሎ «ቤቱን ልትሸጠው ነው አሉ?» ይለዋል። ሌላው ይመጣል፣ ያንኑ ይላል። ማንም አልተቆጣውም፤ ጠይቀው ንፍሮ እየዘገኑ ይቀመጣሉ። ሰይድ ላብ በላብ ሆነ። ያ ከሙቀቱ አልነበረም።

ተመልሰን ስንመጣ በሩ ላይ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ቆሟል። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ ነው፤ ባልና ሚስት፣ ልጆችና አንዲት ትልቅ እናት። ሞተሩ ፈልቶባቸው ነው የቆሙት። ቤዛ እጅጌዋን ሰብስባ በባዶ እግሯ ድንጋዩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ምስር ታቀርባለች። ኮቴ ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል፣ ሻንጣዬ ከሥሩ ቆሟል።

«ይቅርታ አባቴ» አለችኝ፤ «ለእናትየው ማረፊያ ስፈልግ የእርስዎን ክፍል ሰጠኋቸው። የእርስዎ ቤት ቅርብ ነው ብዬ ነው።»

አስካለ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እትዬ ዘሃራ ሰዎቹን አየችና «ስማቸው ማነው?» አለች።

«አልጠየቅኩም» አለች ቤዛ። «ገና እየበሉ ነው።»

እትዬ ዘሃራ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት።

ወዲያው ሰይድ ፍርዱን ጠየቀ። ቤዛም አልሸፋፈነችም። «ድርጅቴ ይህን ቤት አይወስደውም» አለች። «ክፍሉ ለብዙ ሰው አይበቃም፣ ባለቤቷም ቀብር ሲኖር እንግዳ ጥላ ትሄዳለች። እንዲህ ብዬ ነው የምነግራቸው።»

ሰይድ ራሱ የተደሰተ አይመስልም። እትዬ ዘሃራ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ምላሷን ጧ አደረገች።

«አንቺስ?» አለች። «አንቺስ ወደድሽው?»

«እኔማ ወደድኩት። በራሴ ጊዜ ሰው ይዤ እመለሳለሁ።»

እትዬ ዘሃራ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሰይዶ፣ ቃልህ ድርጅቱ ከወደደው አልነበረም። ልጅቷ ከወደደችው ነው ያልከው። አንዳርጌ ምስክር ነው፣ ፓምፕ የሚፈታ መስሎ ሲሰማ ነበር።»

መሰከርኩ። ሰይድ መጀመሪያ ሊቆጣ አሰበ፣ ከዚያ ሳቀ፤ ሲስቅ የወንዙ ዳር ልጅ ይመስላል። «እሺ» አለ። «አንቺ እስካለሽ አይሸጥም።»

ቤዛ ቃሏን ጠበቀች፣ ሰው እያስከተለች ትመጣ ነበር። መንገዱም ሲሻሻል የሚያልፈው ሁሉ ጎራ ማለት ጀመረ። እትዬ ዘሃራ ትራስ እያንኳኳች፣ መኪና ፊት እየቆመች ኖረች። የታመመችው ለጥቂት ጊዜ ነው። ስጠይቃት «አብሽር» ትለኝ ነበር፣ የታመምኩት እኔ ይመስል።

ሰይድ ደውሎ ሄደች ሲለኝ፣ ከአጣዬ በሚኒባስ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ያን ቃሉን ነው። አንቺ እስካለሽ ነበር ያለው። አሁን የለችም። ስደርስ ቀብሯ ሊወጣ ነበር፤ ደርሼ አፈር አልብሻታለሁ።

ለቅሶው ላይ ማን እንዳልመጣ ልንገራችሁ ብል ይቀለኛል። ቤዛ መጣች። የኮምቦልቻው ቤተሰብ መጣ። ያ ባለክራቫቱ ሰው ሳይቀር መጣ። ክፍሎቹ ሞልተው በረንዳው ላይ ፍራሽ ተነጠፈ፤ ሰይድ ፍራሽ ተሸክሞ ሲሮጥ ዋለ። ለቅሶው በሚነሳበት ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ድንኳኑን ሰርግ መስሎት ገባና አልጋ ጠየቀ። ሁላችንም ሰይድን አየን። ሰይድ «ግባ» ብሎ አስቀመጠው፣ ምግብ አቀረበለት።

ሾፌሩ እየበላ ነገሩ ገባው። «የሞተው ማነው?» አለ።

«የቤቱ ባለቤት ናት፣ እህቴ።»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ አሁን ቤቱ የማን ነው?»

ሰይድ ማንጎውን አየ፣ በሩን አየ፣ ፍራሹን አየ።

«መጀመሪያ ብላ» አለው።

ገዢው ከዚያ በኋላ ብዙ ደወለ ይባላል። ሰይድ ግን የአዳማ ሱቁን ለልጁ ሰጥቶ እዚሁ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ያደረግሁትን ልናገር፤ ራሴ ካልተናገርኩት ማን ያውቅልኛል። ጣሪያውን ቀይሬያለሁ፣ አንድ ጠብታ አያስገባም። ጓሮው ውስጥ ለእድሩ ድንኳን የራሱ በር ያለው መጋዘን ሠርቻለሁ፣ ቋሚ ተሸካሚ በእንግዳ ቁርስ መሃል አያልፍም። ሰይድ ሴራሚክ እናንጥፍ ብሎ ሲነሳ ድንጋዩን ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያውም ሐሳቡ የኔ ነበር። ትራስ ማንኳኳት አስተምሬዋለሁ፤ እሱም ምንም አይሰማውም፣ ግን ያንኳኳል። ባለቤቴን አንድ ቀን ይዣት ሄጄ እዚያ አሳድሬያታለሁ፤ ጠዋት ተነስታ የሁሉንም ክፍል አልጋ አንጥፋ ጠበቀችኝ። ለቤዛ የጄኔሬተር እንግሊዝኛ አስተምሬያታለሁ። አስካለን ሹክሹክታ ለማስተማር ሞክሬያለሁ፣ እሱ አልተሳካም።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሙቀቱ ሲጠናብኝ በማንጎው በኩል ባለው ክፍል ልተኛ ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ። ሰይድ በሩ ላይ አገኘኝ።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ አንድም ክፍል የለም» አለኝ።

ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።